ይድነቃቸው ተሰማ፡ ከአጥቂነት እስከ አህጉራዊ መሪነት

ለአፍሪካ እግር ኳስ ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካበረከቱ ኢትዮጵያውያን መካከል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በባለቅኔነታቸውና በድምፃዊነታቸው የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም በተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ገና በለጋ ዕድሜያቸው መጫወት ጀምረው፣ እስከ 1950 ዓ.ም በአጥቂነት ተሰልፈዋል። በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን ማስቆጠራቸው በስማቸው ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። እግር ኳስ መተዳደሪያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ለማልያው ክብር እንጂ ለክፍያ አልተጫወቱም።

የወጣትነት ዕድሜያቸው ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወርሮ በዘር የሚለያይ ሕግ ካወጣበት ጊዜ ጋር የተገጣጠመ ነበር። የዘር መድልዎን በገዛ አገራቸው ያዩት እኚህ ስፖርተኛ፣ የኋላ ኋላ በአህጉሩ መድረክ ሲታገሉት ኖረዋል።

በ1949 ዓ.ም በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን ያቀላቀለ ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊፋ በአገሪቱ ላይ የጣለውን እገዳ በ1955 ዓ.ም ቢያነሳም፣ አፍሪካውያኑ አቋማቸውን ባለመለወጣቸው በ1957 ዓ.ም እንደገና ታገደች።

አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክን (ግብፅን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በመርታት የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያገኘችው በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቦታ እንዲኖራት በተደረገው ትግልም ተሳታፊ ነበሩ። የአህጉሩ አገሮች ከ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ራሳቸውን ካገለሉ በኋላ፣ በ1962ቱ የሜክሲኮ ውድድር ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠ።

በ1964 ዓ.ም የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ፊፋ በሐምሌ 1968 ዓ.ም በሞንትሪያል ባካሄደው ጉባዔ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ያሰናበተው በእርሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ካፍን እየመሩ ሳለ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም፣ የአፓርታይድ ሕጎች ከተሻሩ በኋላ ነው። ያን ቀን ለማየት ባይታደሉም፣ በካርቱም የያዙት አቋም ለሠላሳ ዓመታት ሳይሸረሸር ለፍሬ በቅቷል።