ሌዎናርድ ኦይለርና ሁለቱ ታላላቅ ቁጥሮች

የሒሳብ ሊቅ የነበረውን የሌዎናርድ ኦይለርን ያህል ብዙ የጻፉ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የመጻሕፍቱን ብዛት ትተን፥ በወጣትነቱና በሽምግልናው ስለ መረመራቸው ሁለት ቁጥሮች ለአንባቢዎቻችን እንነግራለን። ዘመኑ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦይለር በ1707 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበሩ ልጃቸውም ቄስ እንዲሆን ይመኙ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩ ዮሐን በርኑሊ የልጁን ተሰጥዎ ተመልክቶ ስለ መከራቸው ወደ ሒሳብ አዘነበለ። በ1727 ዓ.ም. ወደ ሩሲያ ሄዶ በፔትርስቡርግ ሳይንስ አካዳሚ ሥራ ያዘ።

እዚያ ሳለ ባልደረባው ጎልድባህ በ1729 ዓ.ም. በደብዳቤ አንድ ጥያቄ አቀረበለት። ነገሩ በ1665 ዓ.ም. ከሞተው ከዝነኛው ፈረንሳዊ ከፌርማ የመጣ ነው። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 የሚለውን ተራ እንመልከት፤ ከአንዱ ቁጥር 1 ቀንሰን፥ የቀረውን በራሱ አባዝተን 1 ብንጨምርበት ተከታዩን እናገኛለን። እነዚህ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ይኸውም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፌርማም ተራው እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ስድስተኛው 4,294,967,297 ነው። በ1732 ዓ.ም. ኦይለር ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ ይህ ቁጥር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። በኋላ እንደ ገለጠው፥ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። ስለዚህ የሚሞከሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያም 641 ናቸው፤ አምስተኛው ላይ የፌርማ እምነት ፈረሰ። ተማሪ የሆነ አንባቢያችን 641ን በ6,700,417 አባዝቶ ይመልከተው።

ከ1741 እስከ 1766 ዓ.ም. በበርሊን ሠርቶ ወደ ፔትርስቡርግ ተመለሰ። ቀኝ ዓይኑ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበር፤ ግራውንም ሞራ ሸፈነው፤ በ1771 ዓ.ም. የተደረገለት ቀዶ ሕክምናም አልጠቀመውም። እርሱ ግን እየተናገረ ሌሎች ይጽፉለት ነበር፤ ከሥራዎቹ ግማሽ ያህሉ የዚህ የጨለማ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

በ1772 ዓ.ም. 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። ይህም 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኝ ነው። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች፥ ከ4,700 በላይ የሆኑትን፥ አንድ በአንድ መሞከር በተገባው ነበር። ኦይለር ግን አካፋይ ቢኖር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ብቻ እንደሚሆን ስላወቀ፥ የሚሞከሩት መቶ እንኳ አልሞሉም። ዓይን ለሌለው ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንዳዳነ መገመት አያስቸግርም።

ኦይለር በመስከረም 1783 ዓ.ም. ስለ አዲሱ ፕላኔት ስለ ኡራኑስ መንገድ ሲነጋገር በዋለበት ቀን ሞተ።

በ1811 ዓ.ም. ፒተር ባርሎ የተባለ እንግሊዛዊ ከዚህ ቁጥር ከሚገኘው ፍጹም ቁጥር የሚበልጥ ሌላ ፍጹም ቁጥር ምናልባት ከቶ አይገኝም፥ ጥቅም ስለሌለውም የሚፈልገው አይኖርም ብሎ ጻፈ። በ1876 ዓ.ም. ግን ፈረንሳዊው ሉካ ባለ 39 አኃዝ ብቸኛ ቁጥር አረጋገጠ። የኦይለርም ቁጥር ከሥራ አልቦዘነም፤ ኮምፒዩተር ለአንድ ሙሉ ቁጥር 32 ቢት ሲመድብ፥ ከዜሮ በታችም በላይም የሚቆጥር ከሆነ፥ ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው።