ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ ከሩጫው በኋላ የነበሩት ዓመታት

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም በተነሣ ቁጥር ወደ ኅሊናችን የሚመጡት ሁለት ቀኖች ናቸው። አንደኛው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮማ፣ በባዶ እግሩ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ። ሁለተኛው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲሆን፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሟል። ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ክቡር ዘበኛ የገባው ወታደር ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቀኖች ተጠቃሎ ይነገራል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም በሰዓት ያልለካው ዘመኑ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠችና የአንገቱ አከርካሪ ተጎዳ። በመጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ሲታከም እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን እንደ ወጡ ቀሩ።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያቋቋሙት ሥርዓት ነበር። አከርካሪው የተሰበረ ሰው በብዛት ይሞት የነበረው ከስብራቱ ሳይሆን በአንድ ጎን ከመተኛት በሚመጣ ቁስልና በሽንት መስመር ኢንፌክሽን ነበር። መድኃኒቱም ቀላልና አድካሚ ነው፤ በሽተኛውን ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ። ከዚያ ቀጥሎ ስፖርት ይመጣል። ጉትማን የጀመሩት የአካል ጉዳተኞች ውድድር በሮማ የተከፈተው አበበ በዚያችው ከተማ ከሮጠ በስምንተኛው ቀን መሆኑ ይገርመኛል። በ1962 ዓ.ም. አበበ ራሱ በስቶክ ማንደቪል ቀስት ወረወረ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ።

ይህን የምጽፈው ሰንጋ ተራ፣ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ግማሽ አካላቸው ከሰነፈ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ሌሊት ሌሊት እናቴና እኔ እየተፈራረቅን እናገላብጣቸዋለን። ቀድሞ ስለ ሮማ ሲያወሩ አይጠግቡም ነበር፤ ዛሬ የሚጠይቁኝ ስለ ቀስቱ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበራቸው መወጣጫ ስሠራ፣ በሙያዬ ለስንት ሕንፃ ደረጃ እንደ ነደፍኩ ትዝ አለኝ። ለ15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ከደጃፋችን ላይ ግን የለካሁት አባቴ ከወደቁ በኋላ ነው።

አበበ ወደ አገሩ ሲመለስ የስቶክ ማንደቪል ነርሶች አብረውት አልመጡም። ቤቱ የነበሩት በ1952 ዓ.ም.፣ ከሮማ በፊት፣ ያገባቸው ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና ልጆቻቸው ናቸው። የሮማውንና የቶኪዮውን ሰዓት እስከ ሴኮንዱ እናውቃለን። የዚያን ቤት ሌሊቶች የመዘገበ ዳኛ ግን አልነበረም። ሆኖም አበበ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሙኒክ ኦሊምፒክ በእንግድነት ተጋብዞ በወንበሩ ላይ ሆኖ ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጨበለት ያ ሰው ለዚያ የበቃው ሌሎች ባላዩት ድካም ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተው ነበር። ወይዘሮ የውብዳር አራት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።