ጄን ኦስተን፦ ፍቅርን ያለ ንግግር ያሳየች ደራሲ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1802 አንድ ምሽት፣ የባለጸጋ ልጅ የነበረው ሃሪስ ቢግ-ዊዘር የ26 ዓመቷን ጄን ኦስተንን ለጋብቻ ጠየቃት። እሺ አለችው። ሲነጋ ግን ቃሏን አጠፈች።

የእንግሊዛዊው ቄስ ልጅ ጥሪት አልነበራትም። አባቷ በ1805 ሲሞቱ እርሷ፣ እናቷና እህቷ የወንድሞቿን እጅ ጠባቂ ሆኑ። በ1811 የመጀመሪያ ልቦለዷ ሲታተም ስሟ አልሰፈረበትም።

በድርሰቶቿ ውስጥ ስሜት የሚገለጠው ከንግግር ይልቅ በጥቃቅን ድርጊቶች ነው። “ፐርስዌዥን” ውስጥ አን ኤልየት በወዳጅ ምክር የተለየችው ካፒቴን ዌንትወርዝ ከስምንት ዓመት በኋላ ቂሙን ይዞ ይመለሳል። አንድ ቀን የታመመ ልጅ ለማስታመም ተንበርክካ ሳለ ሌላ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድ ይላታል። ዌንትወርዝ ቀስ ብሎ ሕፃኑን ያነሳላታል፤ ምንም አይናገርም። እርሷም ማመስገን እንኳ ያቅታታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መድከሟን አይቶ፣ ሳትጠይቀው ደግፎ ሠረገላ ላይ ያወጣታል።

በ2005 “ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ” ፊልም ብዙዎች የወደዱት የዳርሲ እጅ መወጠር በመጽሐፉ የለም፤ መንፈሱ ግን የእርሷው ነው።

ኦስተን በሐምሌ 1817 በ41 ዓመቷ ሳታገባ ዐረፈች። “ፐርስዌዥን” የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቹን ደብዳቤዎቿን እህቷ ካሳንድራ አቃጠለቻቸው።