ኤድመንድ ዲን ሞሬል፦ ከኮንጎ የጭነት መዝገብ እስከ ራይን ዘመቻ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በአፍሪካውያን ላይ ይፈጸም የነበረውን ግፍ ለዓለም በማጋለጥ ረገድ እንደ ኤድመንድ ዲን ሞሬል የተሳካለት አውሮፓዊ ጸሐፊ ጥቂት ነው። በ1920 ደግሞ ስለ አፍሪካውያን ወታደሮች በአውሮፓ ከተሰራጩት የዘረኝነት ጽሑፎች መካከል እጅግ የታወቀውን የጻፈው ይኸው ሰው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩን የአንድ ደግ ሰው ኋላ ላይ መበላሸት አድርጎ መተረክ ይቀላል። የሕይወቱ አካሄድ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ለራይኑ ጽሑፍ መሠረት የሆነው አስተሳሰብ በኮንጎ ዘመቻውም ወቅት አብሮት ነበር፤ በዋናነት የተለወጠው ማስረጃን የሚመረምርበት መንገድ ነው።

ሞሬል በ1873 ከፈረንሳዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የሞተው ልጁ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በእንግሊዝ አገር ከተማረ በኋላ በ1891 በሊቨርፑል ኤልደር ዴምፕስተር በተባለ የመርከብ ኩባንያ በጸሐፊነት ተቀጠረ። ኩባንያው በአንትወርፕና በኮንጎው ወደብ በቦማ መካከል ጭነት የማመላለስ ውል ስለነበረው፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገረው ወጣት በሥራ ምክንያት ወደ ቤልጂየም ይመላለስ ጀመር።

የኮንጎ ነጻ መንግሥት ይባል የነበረው ግዛት በዚያን ጊዜ የቤልጂየም ቅኝ ግዛት ሳይሆን የንጉሡ የዳግማዊ ሊዮፖልድ የግል ይዞታ ነበር። ንጉሡ ይዞታውን በዓለም ፊት ያጸደቀው የባሪያ ንግድን አጠፋለሁ፣ ነጻ ንግድንና ሥልጣኔን አስፋፋለሁ በሚል ነው። ሞሬል በጭነት መዝገቡ ላይ ያገኘው ከዚህ ጋር አልገጠመም። ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ሞልተው ይደርሳሉ፤ ሲመለሱ በብዛት የሚጭኑት ጠመንጃ፣ ጥይትና የጦር መኮንኖች ነው። በለውጡ ለአገሬው ሰው የሚላከው ሸቀጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚከፈል ዋጋ ከሌለ ንግድ የለም፤ ስለዚህ ጎማው የሚሰበሰበው በጠመንጃ አስገዳጅነት ነው ሲል ደመደመ። እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሰው ኮንጎን ሳይረግጥ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉም አልረገጣትም።

በ1901 ሥራውን ለቆ ሙሉ በሙሉ ወደ ጽሑፍ ገባ። በ1903 የራሱን ጋዜጣ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ስለ ኮንጎ ውሳኔ አሳለፈ፤ በቦማ የነበረው ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ወደ አገሪቱ ውስጥ ዘልቆ ያጠናቀረው ዘገባም በ1904 ወጣ። በዚያ ዓመት ሞሬልና ኬዝመንት የኮንጎ ማሻሻያ ማኅበርን መሠረቱ። የሞሬል ጥንካሬ በስሜት ቀስቃሽ ቃላት ላይ ሳይሆን በሰነድ ላይ ነበር፤ የሂሳብ ቁጥሮችን፣ የፍርድ ቤት መዛግብትን፣ የሚስዮናውያንን ምስክርነት እያመሳከረ ያቀርባል። ከምስጢር ምንጮቹ አንዱ በቦማ ይኖር የነበረው የናይጄሪያ ተወላጅ ነጋዴ ሄዝቃያ አንድሩ ሻኑ ነበር። ሻኑ ሰነድ ማቀበሉ ከታወቀበት በኋላ ንግዱ ተሰናክሎ በ1905 ራሱን አጠፋ። ለዘመቻው ከተከፈለው ዋጋ ትልቁን የከፈለው ይህ ሰው ሳይሆን አይቀርም። በ1908 ሊዮፖልድ ግዛቱን ለቤልጂየም መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ፤ ማኅበሩም በ1913 ሥራውን አጠናቆ ተበተነ።

ሞሬል አፍሪካዊው የመሬቱና የምርቱ ባለቤት ነው ብሎ በጽናት ተከራክሯል። ይህ ለዘመኑ ቀላል አቋም አይደለም። ይሁንና በምዕራብ አፍሪካ ተጓዥዋ በሜሪ ኪንግስሊ ተጽዕኖ፣ ዘሮች በተፈጥሯቸው የተለያዩ ናቸው፣ አፍሪካዊም በአገሩና በልማዱ ተከብሮ ሊኖር ይገባል የሚል እምነት ነበረው። በ1911 ስለ ናይጄሪያ ባሳተመው መጽሐፍ ባህላዊ ገዢዎችን ሲያመሰግን የአውሮፓን አኗኗር የያዙ አፍሪካውያንን በጥርጣሬ ተመልክቷል። አፍሪካዊ በአፍሪካ መሬት ላይ እስካለ ድረስ የሞሬል ጥብቅና አይለየውም። ከዚያ ሲወጣ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር።

በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሞሬል ለበርከንሄድ ምርጫ የሊበራል ፓርቲ ዕጩ ነበር። መንግሥት ለጦርነቱ የሰጠው ዋና ምክንያት የቤልጂየም ገለልተኝነት መደፈሩ ነው። ሞሬል ይህን አልተቀበለም። ስለ ሞሮኮ በ1904 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተደረጉትን ምስጢራዊ አንቀጾች አስቀድሞ አጥንቶ ስለነበር፣ አገሪቱን ወደ ጦርነት የሳባት ፓርላማው ሳያውቀው ከፈረንሳይ ጋር የተገባው ግዴታ ነው ሲል ተከራከረ። ዕጩነቱን ትቶ ከራምዚ ማክዶናልድ፣ ከቻርልስ ትሬቬልያንና ከኖርማን ኤንጅል ጋር የዴሞክራሲያዊ ቁጥጥር ኅብረትን አቋቋመ፤ ውሎች ያለ ፓርላማ ፈቃድ እንዳይፈረሙ፣ ሕዝብ ሳይጠየቅ ግዛት ከእጅ ወደ እጅ እንዳይተላለፍ ኅብረቱ ጠየቀ። ተቃዋሚዎቹም የኮንጎን ዘመቻ መልሰው በራሱ ላይ አዞሩት፤ ቤልጂየምን ሲያጠቃ የኖረው ለጀርመን ሲል ነው አሉ። በ1916 ኬዝመንት በአገር ክህደት መሰቀሉ ይህን ሐሜት አባባሰው። በ1917 ሞሬል ጽሑፎቹን በስዊዘርላንድ ለሚኖረው ፈረንሳዊ ደራሲ ለሮመን ሮላን ለመላክ ሞክሯል ተብሎ በስድስት ወር እስራት ተቀጣ፤ ከፔንተንቪል እስር ቤት ሲወጣ ጤናው ተሰብሮ ነበር። በ1918 ወደ ነጻ የሠራተኞች ፓርቲ ገባ።

ከጦርነቱ በኋላ ዋና ጉዳዩ የቬርሳይ ውል ሆነ። ጀርመንን ብቻ ጥፋተኛ ያደረገ ውል ሌላ ጦርነት ይወልዳል ብሎ ያምን ነበር። ይህን ክርክር ለእንግሊዝ ሠራተኛ ለማድረስ የመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነው። በሚያዝያ 1920 ፈረንሳይ ሞሮኮውያን ወታደሮችን ጨምራ ፍራንክፈርትን ስትይዝ በሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሠራተኛው ንቅናቄ ጋዜጣ «ዴይሊ ሄራልድ» የሞሬልን ጽሑፍ በፊት ገጹ አወጣ። ጽሑፉ፣ ቀጥሎም የታተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ አፍሪካውያን ወታደሮች በተፈጥሯቸው የፍትወት ፍላጎታቸውን መግታት የማይችሉ፣ በሄዱበት ሁሉ ነጭ ሴቶችን የሚደፍሩ አድርጎ አቀረበ። የጭነት መዝገብ ሲያመሳክር የኖረው ሰው የጀርመንን ወገን ውንጀላ በዚያው ጥንቃቄ አላጣራም። ከሴኔጋል የተመለመሉት ክፍለ ጦሮች መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ከራይን ተነሥተው ነበር። በአካባቢው የአሜሪካ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሄንሪ አለንም ክሶቹን አጣርቶ በጅምላ ሲታዩ ለፕሮፓጋንዳ የተጋነኑ መሆናቸውን ለመንግሥቱ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሞሬል ቅኝ ገዢዎች በአፍሪካ ላይ ያደረሱትን በደል የሚዘረዝር መጽሐፍ ማሳተሙ ልብ ሊባል ይገባል፤ ለእርሱ ሁለቱ አይጋጩም ነበር።

በለንደን ይኖር የነበረው የጃማይካ ተወላጅ ገጣሚ ክላውድ ማኬይ ለ«ዴይሊ ሄራልድ» መልስ ጽፎ ሳይታተምለት ቀረ። ጽሑፉን ያወጣው በኋላ ዘመን ለኢትዮጵያ ነጻነት በመሟገት የሚታወቁት ሲልቪያ ፓንክረስት ያዘጋጁት የነበረው «ወርከርስ ድሬድኖት» ነው። ማኬይ ፈረንሳይ ወታደሮቹን ማስፈሯን አልደገፈም። የተቃወመው ተቃውሞው በቆዳ ቀለም ላይ መቆሙን ነው፤ ባለፈው ዓመት በእንግሊዝ የወደብ ከተሞች በጥቁሮች ላይ የደረሰው ጥቃት በዚህ ዓይነት ጽሑፍ እንደሚባባስ አስጠነቀቀ። ሞሬል አቋሙን አልለወጠም፤ በፓርቲው ውስጥ የነበረውንም ክብር ይህ አልቀነሰበትም።

በ1922 ምርጫ በደንዲ ለሌበር ፓርቲ ተወዳድሮ ከኤድዊን ስክሪምጆር ጋር ሁለቱን መቀመጫዎች ሲያሸንፍ ከተሸነፉት አንዱ ዊንስተን ቸርችል ነበር። በ1924 መጀመሪያ ማክዶናልድ የመጀመሪያውን የሌበር መንግሥት ሲመሠርት የውጭ ጉዳይን ሹመት ራሱ ያዘው፤ ሞሬልም ከሚኒስትሮቹ ውጭ ቀረ። በጥቅምት ወር በድጋሚ ከተመረጠ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ ኅዳር 12 ቀን 1924 በዴቨን በ51 ዓመቱ አረፈ። የራይኑ መጽሐፍ በጀርመንኛም ተተርጉሞ ነበር። በ1937 የናዚ መንግሥት የእነዚያ ወታደሮች ልጆች ናቸው የተባሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የራይን ልጆችን በምስጢር አመከነ።