የምኒልክ ዕረፍት እና የዘገየው ቅጂ

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አምና አንድ ገጽ ላይ ያየሁትን የቡና ዋጋ አጋሮ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። እሷም እኔን አምና ለነጋዴው እምቢ አለች። ለካ ዋጋው ከሁለት ቀን በፊት የነበረው ኖሯል! በማግስቱ፣ እምቢ ካለችበትም ባነሰ ሸጠች።

ኮምፒውተር የሚያጠና ጓደኛዬ ነገሩን አስረዳኝ። አዲስ መረጃ መጀመሪያ የሚጻፈው ዋናው ሰርቨር ላይ ነው። ሌሎቹ ሰርቨሮች ለውጡን በየተራው እየተቀበሉ ቅጂያቸውን ያድሳሉ። መስመር ሲቋረጥ ወይም ሥራ ሲበዛ ቅጂው ወደኋላ ይቀራል፤ ይህ ሪፕሊኬሽን ላግ ይባላል። ክፋቱ፣ አሮጌው ቅጂም ልክ እንደ አዲሱ ሆኖ ይነበባል።

ያኔ ትዝ ያሉኝ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። በ1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወደ አስር ዓመት ገደማ ቆዩ፤ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ። የእኛው የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ያለ ጦርነት ገበሩላቸውና የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ምኒልክ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ በ1888 ዓድዋ ላይ ድል አደረጉ። ስልክና ፖስታም በእሳቸው ዘመን ገባ።

ወሬ እንዲፈጥን የደከሙት ሰው ግን የራሳቸው ዜና ዘገየ። በ1901 ሕመሙ ጸናባቸውና ልጅ ኢያሱ ወራሽ ተባሉ። ታህሳስ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም፤ በምስጢር ተያዘ። ቤተ መንግሥት ያለው ዋናው መዝገብ ተቀይሯል፤ ሩቅ ያለው ሰው ግን በአሮጌው ቅጂ ይኖር ነበር።

እርግጥ ልዩነት አለ። ሰርቨር የሚዘገየው አቅም አጥቶ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ግን አውቆ ደበቀ። ለተቀባዩ ግን ውጤቱ ያው ነው፤ ባለፈበት ነገር ይወስናል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። የሰው ገንዘብ ወይም ሕይወት ያለበትን ጉዳይ ከዋናው ምንጭ እንጠይቅ። ሌላውን ከቅጂ ስንወስድ መቼ የተመዘገበ እንደሆነ አብረን እንጻፍ። እናቴ እንኳ አሁን ዋጋ ስነግራት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ የስንት ሰዓት ዋጋ እንደሆነ ነው።