የድመትና የአይጥ ሠዓሊ
የጆርጅ ሄሪማን የሕይወት ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ ጋዜጣ የምናዘጋጅ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚገጥመን አንድ ችግር አለ። ጽሑፉ ሁሉ ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ከወረቀቱ ግርጌ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያንን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በሥዕል እንሞላዋለን፤ ሥዕሉን ከቁም ነገር የሚቈጥረው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት የአንድ ስመ ጥር ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ከነገሥታትና ከጦር አለቆች ይልቅ ከጋዜጣ ግርጌ የተነሣውን አሜሪካዊ ሠዓሊ ጆርጅ ሄሪማንን የመረጥነው ስለዚህ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ጆርጅ ጆሴፍ ሄሪማን ኦገስት 22 ቀን 1880 በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበረ። ቤተ ሰቡ ክሪዮል ይባል ከነበረው፣ የአፍሪካና የአውሮፓ ደም ከተቀላቀለበት ወገን ነው። ስለዚህም ልደቱ በመዝገብ ሲሰፍር ሕፃኑ ከነጮች ወገን አለመሆኑን የምታመለክት አንዲት አጭር ቃል አብራ ተጻፈች።

ያች ቃል በዚያ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረች ለመረዳት የአገሩን ታሪክ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1890 የሉዊዚያና ምክር ቤት ነጮችና ጥቁሮች በባቡር በየፉርጎው ተለይተው እንዲሳፈሩ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በ1892 ሆሜር ፕሌሲ የሚባል የኒው ኦርሊንስ ጫማ ሰፊ፣ እርሱም እንደ ሄሪማኖች ክሪዮል የሆነ፣ ሕጉን ለመቃወም ሆን ብሎ በነጮች ፉርጎ ተቀመጠና ታሰረ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1896 ፕሌሲ ተረታ፤ ሕጉም ጸና።

ሄሪማኖች ግን ይህን ፍርድ ቈመው አልጠበቁም። ልጃቸው ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ዕቃቸውን ጠቅልለው በምዕራብ ጠረፍ ወዳለው ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፤ የሚያውቃቸው በሌለበት ከተማም እንደ ነጭ ሆነው መኖር ጀመሩ። ሰው ገና ሲተዋወቅ የማን ልጅ ነህ ተብሎ በሚጠየቅበት አገር ለተወለድነው ለእኛ፣ አያትንና ቅድመ አያትን ሰውሮ መኖር እጅግ የሚያስጨንቅ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ልጁ በኋላ በትልልቆቹ ጋዜጣ ቤቶች ጠረጴዛ ሊያገኝ የቻለው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርምና በወላጆቹ ላይ ለመፍረድ አንደፍርም።

ጆርጅ በሎስ አንጀለስ ቅዱስ ቪንሰንት በሚባለው የካቶሊክ ኮሌጅ ተማረ። ከዚያም በሎስ አንጀለስ ሄራልድ ጋዜጣ ሥራ ያዘ። በ1900 ወደ ኒው ዮርክ ሲሻገር ለባቡር የሚከፍለው ስላልነበረው በዕቃ መጫኛ ፉርጎ ተደብቆ እንደ ተጓዘ ይነገራል። በ1901 ጀጅ በሚባለው የቀልድ መጽሔትና በጆሴፍ ፑሊትዘር ጋዜጦች ላይ ሥዕሎቹ መታተም ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሜብል ብሪጅ የምትባለውን የወጣትነት ወዳጁን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

በዚያው በ1902 ስለ አንድ ጥቁር ሙዚቀኛ አጭር ተከታታይ ካርቱን ሣለ። ሙዚቀኛው የሌላ አገር ሰው መስሎ ለብሶ ሊጫወት ይሄዳል፤ ማንነቱ ሲታወቅበት ይደበደባል። አንባቢው ስቆ ገጹን ገለጠ፤ ሠዓሊው ራሱ በየቀኑ ያን የመሰለ ፍርሃት ይዞ ጋዜጣ ቤት እንደሚገባ የጠረጠረ አልነበረም። ባልደረቦቹ ግሪካዊ ነው ወይም ፈረንሳዊ ነው ይሉት ነበር። እርሱም አያስተባብልም። በቤትም በደጅም ባርኔጣውን ከራሱ አያወርድም ነበር፤ ከተረፉት ፎቶግራፎቹ የሚበዙት ባርኔጣ እንደ ደፋ የሚያሳዩ ናቸው። ጠጕሩን ለመሸፈን ነው የሚሉ አሉ።

ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙ ካርቱን ጀምሮ ብዙውን ተወ። ስማቸውን ሁሉ ብንዘረዝር አንባቢን ማሰልቸት ይሆናል። ቁም ነገሩ የሚጀምረው በ1910 ነው። በዚያ ጊዜ ሄሪማን በባለ ጋዜጣው በዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ዘንድ ተቀጥሮ፣ በአፓርታማ ስለሚኖሩ ስለ ዲንግባት ቤተ ሰብ የሚያወራ ካርቱን ይሥል ነበር። ከሰዎቹ እግር በታች ጥቂት ባዶ ቦታ ስለ ተረፈው የቤቱን ድመትና አንዲት ትንሽ አይጥ ሣለበት። ጁላይ 26 ቀን አይጥዋ ዕቃ አንሥታ የድመቱን ራስ መታች። ላይኛው ታሪክ እየቀጠለ ከሥር ድመትና አይጥ የራሳቸውን ኑሮ መኖር ጀመሩ፤ አንባቢም ዓይኑ ወደ ታች ሳበው። ኦክቶበር 28 ቀን 1913 የራሳቸው ካርቱን ተሰጣቸው፤ ስሙም ክሬዚ ካት፣ ማለት እብድ ድመት ተባለ። ከ1916 ጀምሮ ደግሞ በእሑድ ጋዜጣ ሙሉ ገጽ አገኙ።

ታሪኩ ቢነግሩት አጭር ነው። ድመት አይጥን ይወዳል። ኢግናትስ የተባለው አይጥ ድመቱን ይጠላል፤ ጡብ እየገዛ ራሱን ይፈነክተዋል። ድመቱ ጡቡን የፍቅር መልእክት አድርጎ ይቀበለዋል። ድመቱን በልቡ የሚወድ አንድ ውሻ አለ፤ እርሱም ፖሊስ ነውና አይጡን እያባረረ ይዞ ያስረዋል። በማግሥቱ እንደ ገና ጡብ ይወረወራል። ሄሪማን ይህን አንድ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሣለው፤ አንዱ ቀን ግን ሌላውን ቀን አይመስልም።

እዚህ ላይ በመካከላችን የተነሣውን ክርክር ሳንጽፍ አናልፍም። ሄሪማን ድመቱን አንድ ቀን ወንድ፣ አንድ ቀን ሴት ያደርገዋል፤ ሲጠይቁትም ቁርጡን አይናገርም ነበር። በአማርኛ ግን ሄደ ወይም ሄደች ሳይሉ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አይቻልም። ግማሾቻችን እርሱ ይባል፣ ግማሾቻችን እርስዋ ትባል አልን። አንድ ጓደኛችን፣ እንግዲያውስ አንቱ እንበላቸውና ይለይልን ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ቦታ ስላልበቃን እርሱ ብለን ጻፍን እንጂ ነገሩ አልተቈረጠም።

ሄሪማን ታሪኩን ያስቀመጠው በአሪዞና ግዛት ኮኮኒኖ በሚባለው በእውነተኛ አውራጃ ነው። በቀይ ድንጋይ ዐምዶች ወደ ታወቀው ወደ ሞኑመንት ሸለቆና ናቫሆዎች ወደሚኖሩበት በረሃ በየጊዜው ይጓዝ ነበር። ባለ ታሪኮቹ ካሉበት ሳይነቃነቁ ከኋላቸው ያለው ተራራ በሁለተኛው ሳጥን ዛፍ፣ በሦስተኛው ቤት ይሆናል፤ ቀኑም ወዲያው ሌሊት ይሆናል። ድመቱ የሚናገረው እንግሊዝኛም ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛና ሌላ ሌላም የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ ለመተርጐም እጅግ ያስቸግራል።

ይህን የሚወዱለት ሰዎች ብዙ አልነበሩም። አቀናባሪው ጆን ኦልደን ካርፔንተር በካርቱኑ ላይ ተመሥርቶ የደረሰው የባሌት ሙዚቃ በ1922 ለመድረክ ቀረበ፤ በ1924 ሐያሲው ጊልበርት ሴልደስ ከአሜሪካ የኪነ ጥበብ ሥራዎች ሁሉ ከፍ ካሉት ጋር ቈጠረው። ተራው አንባቢ ግን ምን ማለቱ ነው እያለ ያልፈው ነበር። በመጨረሻው ዘመን ካርቱኑን የሚያወጡት ጋዜጦች 35 ያህል ብቻ ነበሩ። ትርፍ የማይገኝበት ሆኖ ሳለ ያልተቋረጠው ኸርስት ስለ ወደደው ነው። ኸርስት በብዙ ነገር የሚወቀስ ሰው ነበረ፤ ይህን ግን ልንነሣው አይገባም።

በቤቱ ኀዘን አልተለየውም። በ1931 ሚስቱ በመኪና አደጋ ሞተች፤ በ1939 ታናሽ ልጁ ተከተለች። ከዚያ በኋላ በሆሊውድ ከውሾቹና ከድመቶቹ ጋር ኖረ። ሕመም ቢጠናበትም ሥራውን አላቋረጠም። ኤፕሪል 25 ቀን 1944 ሲሞት በጠረጴዛው ላይ በእርሳስ ብቻ የተነደፉ፣ ቀለም ያልነካቸው የሳምንት ሥዕሎች ተገኙ። ሌላ ሠዓሊ አልተተካበትም። አመዱ እንደ ፈቃዱ በሞኑመንት ሸለቆ ላይ ተበተነ። አስቀድሞ የላከው የመጨረሻው የእሑድ ገጽ ጁን 25 ቀን ወጣ፤ በእርሱም ላይ ፖሊሱ ውሻ ድመቱን ከውኃ አውጥቶ በክንዱ ታቅፎ ይታያል።

በሞት የምስክር ወረቀቱ ላይ ዘሩ ነጭ ተብሎ ተጻፈ። በኒው ኦርሊንስ ያለው መዝገብ ግን እንደ ተከደነ ነበር። በ1971 አርተር አሳ በርገር የሚባል መምህር፣ ልክ እንደ እኛ የሄሪማንን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍ ታዝዞ የልደት ወረቀቱን ቢያስፈልግ ያችን አንዲት ቃል አገኘ። ከተጻፈች 91 ዓመት ሆኗት ነበር።

ወዳጆቹ ይህን ሲሰሙ ወደ አሮጌዎቹ ጋዜጦች ተመልሰው ሥዕሎቹን እንደ ገና ማየት ያዙ። ከነዚያ መካከል አንዱን እኛም አይተናል። ጥቁሩ ድመት ከውበት ሳሎን ነጭ ሆኖ ይወጣል። ኢግናትስ ያየዋል፤ ማን እንደ ሆነም አያውቅምና በፍቅር ይወድቃል፤ ይከተለዋል፤ ይለማመጣል። በኋላ ያው የሚያውቀው ድመት መሆኑን ሲያረጋግጥ ጡቡን አንሥቶ ይወረውራል።