ኒኮላ ቴስላ እና ሰው አልባዋ ጀልባ

ቴስላ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን የማግኔት መለኪያ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን የሰውየውን ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ለመቃኘት ይሞክራል። ሰው አልባ ተሽከርካሪ ትእዛዝ ሲደርሰው፣ ያዘዘው ባለቤቱ ይሁን ሌላ ሰው በምን ያውቃል?

ቴስላ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1856 በዛሬዋ ክሮኤሽያ፣ ስሚልያን በምትባል መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ስለነበሩ ልጃቸውም ቄስ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። እናቱ መደበኛ ትምህርት ባይማሩም የቤት መሣሪያዎችን ራሳቸው እያሰቡ ይሠሩ ነበር። በ1873 ቴስላን ኮሌራ ይዞት ለሞት ሲቃረብ፣ አባትየው ከዳነ ምሕንድስና እንደሚያስተምሩት ቃል ገቡለት። ዳነና ግራዝ ገባ፤ ዲግሪውን ግን አልጨረሰም።

በ1884 አሜሪካ ደርሶ ከኤዲሰን ዘንድ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ለቀቀ። በ1888 የኤሲ ሞተር ፓተንቱን አገኘ። በ1895 ላቦራቶሪው ከነዕቃው ተቃጠለበት። በዓመቱ ግን በእሱ ሲስተም ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨው ኃይል ቡፋሎ ከተማ ደረሰ።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1898 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ጀልባ በገንዳ ላይ አንሳፈፈ። ባትሪ፣ ሞተርና የሬዲዮ መቀበያ አላት፤ ሰውም ሽቦም የለባትም። እሱ ዳር ቆሞ ወደፈለገው ያዞራታል፣ መብራቷን ያበራል፣ ያጠፋል። ፓተንቱ ቁጥር 613,809 ሆኖ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ተሰጠው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? የዚያን ጊዜ መቀበያ የማንንም የሬዲዮ ሞገድ ሲያገኝ ሊነሳ ይችላል። ቴስላ ይህን ቀድሞ አየው። በ1903 ባገኛቸው ፓተንቶች መቀበያው የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው ሁለት ሞገዶች ባንድ ላይ ካልደረሱት እንዳይሠራ አደረገ። በዲጂታል ሎጂክ ኮርስ «ኤንድ ጌት» የምንለው ማለት ነው። ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ለመጣ ተማሪም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ቅኔው ለሁሉም ይሰማል፣ ወርቁ የሚገኘው ግን ሁለቱን ፍቺ ባንድ ላይ ለሚይዝ ነው። ሆኖም መፍትሔው ሙሉ አልነበረም። ሁለቱንም ሞገዶች ያወቀ ሰው መልሶ ሊልካቸው ይችላል።

ስጋቱ የሐሳብ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1903 ጁን ወር ለንደን ውስጥ የማርኮኒ ሬዲዮ ለሕዝብ ሲታይ፣ ኔቪል ማስክሊን የተባለ አስማተኛ የራሱን መልእክት አስገብቶ አሳፍሯቸዋል።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። በ2009 ኢራቅ ውስጥ ታጣቂዎች የአሜሪካን ድሮን ቪዲዮ በርካሽ ሶፍትዌር ሲያዩ እንደነበር ታወቀ፤ ምስሉ አልተመሰጠረም ነበር። በ2012 ደግሞ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐሰተኛ የጂፒኤስ ምልክት አንዲት ሰው አልባ ሄሊኮፕተር አሳሳቱ። ሰው ያለበትና የሌለበት ተሽከርካሪ አብረው ሲሠሩ አደጋው ይብሳል፤ አንዱ የተቀበለው ውሸት ወደ ሌላው ይሻገራልና። ስለዚህ የአደጋ ግምገማው ቢያንስ እነዚህን መጠየቅ አለበት፦ ትእዛዙን ማን ሊሰማው ይችላል? ማን አስመስሎ ሊልከው ይችላል? ግንኙነቱ ቢቋረጥስ ሰው አልባው ምን ያደርጋል? ውስጥ ያሉት ሰዎችስ መታለላቸውን በምን ያውቃሉ?

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጀልባዋን አልፈለጋትም። በ1901 የጀመረው የዋርደንክሊፍ ማማም ገንዘብ አጥሮት ቀረ፣ በ1917 ፈረሰ። ቴስላ ጃንዋሪ 7 ቀን 1943፣ በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት ኒውዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን፣ ከነዕዳው አረፈ። ስሙ ለመለኪያ የተሰጠው በ1960 ነው።

እንግዲህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፦ መቆለፊያው ጀልባዋ ከተሰረቀች በኋላ የሚታሰብ ሳይሆን፣ ገና ወረቀት ላይ ስትነደፍ አብሮ የሚነደፍ ነው።